«ሆድ ይፍጀው» ስንል ልጆቹስ?

አማርኛችን ለዝምታ የሚሆን ስንቅ አልነሳንም። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ካየን ደግሞ «ወንድ አይደለህ እንዴ!» ብለን እንባውን ከዓይኑ ላይ እንቀማዋለን። እንግዲህ አዋቂ ሰው ችሎ ይኖር ይሆናል፤ የትልቅ ሰው ሆድ ሰፊ ነው ይባላልና። የ8 እና የ9 ዓመት ልጅ ሆድስ ስንት ነገር ይይዛል? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከገዛ አልጋዬ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990 ዓ.ም. የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ዲላ ነው። በዚያ ዓመት በጌዴኦና በጉጂ መካከል ግጭት ተነስቶ፣ ያኔ ሐገረ ማርያም ዛሬ ቡሌ ሆራ ከምትባለው ከተማ አካባቢ ብዙ ሰው ወደኛ ሸሸ። ከሸሹት አንዱ የአጎቴ ልጅ ነበር። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። እናቱ ታናናሾቹን ይዛ ሌላ ዘመድ ዘንድ ተጠጋች፤ እሱ እኛ ቤት ቀረና አልጋዬን ተጋራ። አጎቴ ግን አልመጣም። «አባትህ ለንግድ ነገሌ ሄዷል፤ ይመጣል» ተባለ። እኔም አብሬ አመንኩ። ትልልቆቹ ሌሊት ሌሊት በሹክሹክታ ሲያለቅሱ ሰምተን እንደሆነ እንኳ እርስ በርስ ተጠያይቀን አናውቅም።

ያ ልጅ ጫማውን እንዳደረገ ይተኛ ነበር። እናቴ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠብቃ ታወልቅለታለች፤ ጧት ስንነሳ ጫማው እግሩ ላይ ነው። መቼ ተነስቶ እንደሚያጠልቀው አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ተቆጡት፣ ለመኑት፣ «አንሶላ አቆሸሽክ» ብለው አስፈራሩት። ልጁ መልስ አልነበረውም። ጠዋት ያበሉትን ይበላል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ማታ ጫማውን አድርጎ ይተኛል። ጎረቤቶቻችን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» እያሉ ያመሰግኑት ነበር። እኛ ዘንድ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጨዋ ነውና!

ጌዴኦን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ከዚያም ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ኮቸሬ ሲወርዱ ባዶ መሬት ማየት አይቻልም። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጥግ ቡናው፣ ከቡናው መሐል የሰው ጎጆ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህን ሁሉ በአንድ ማሳ ላይ አስማምቶ ስለያዘ ነው፤ ትክል ድንጋዮቹም አሉበት። ከአገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ዞን ነው። መሬት ጠባብ፣ ሰው ብዙ፣ ቡናው ውድ። ጠብ ሲነሳ የሚሸሸው ሰው ብዛት ከዚህ ይጀምራል።

በሽማግሌዎች አፍ የጌዴኦ አባት ደራሶና የጉጂ አባት ጉጆ ወንድማማች ናቸው፤ ሦስተኛው ወንድማቸው ቦሮ ደግሞ የቦረና አባት ነው። ወንድማማቾቹ ለዘመናት ሲገበያዩ፣ ሲጋቡ፣ ከብት ሲያደራርጉ ኖረዋል። ሲጣሉም ኖረዋል። የክልልና የዞን ወሰን ከተሰመረ በኋላ ግን ጠቡ መልኩን ቀየረ። በ1987 እና በ1990 ዓ.ም. የደረሱት ግጭቶች የአስተዳደር ወሰንን ተከትለው የመጡ ናቸው። ከእነዚያም በፊት በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ አምፀው ሚችሌ ላይ ብዙ ደም ፈስሷል። የዚያን ቀን ነገር የሚያውቁ ሰዎች በሠፈራችን ነበሩ። እኔ ግን ስለ ሚችሌ የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ልጅ በነበርኩበት ጊዜ «ልጆች ፊት አታውሩ!» የምትል ቃል ነበረች። ታሪክ እንደዚህ ነው፤ ትልቁ ሰው ይውጠዋል፣ ትንሹ ልጅ ሳይነገረው ይወርሰዋል።

ከዚያ 2010 ዓ.ም. መጣ። በሚያዝያ በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ ድንበር ግጭት ተነሳ፤ ጥቂት በረድ አለ ሲባል በክረምቱ መግቢያ ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ አገረሸ። ከሁለቱም ወገን ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ቡና ተቆረጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ጌዴኦ ዞን ውስጥ፣ ቀሪው ምዕራብ ጉጂ ውስጥ ተጠለለ። በዓለም ላይ በግጭት ምክንያት በአገሩ ውስጥ በአዲስ የተፈናቀለ ሰው ሲቆጠር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አንደኛዋ የኛ አገር ሆነች። ቁጥሩ 2.9 ሚሊዮን ነበር። ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ በጅምር የቀሩ ሕንፃዎች በሰው ተሞሉ። ከመካከላቸው እጅግ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ።

እኔ ያኔ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የማድር ሰው ነበርኩ። «የአካባቢው ልጅ ነህ፣ ሂድና የልጆችን ታሪክ አምጣ» ተባልኩ። ሄድኩ። አሁን የምናገረውን የምናገረው እንደ ንስሐ ነው።

ከመጠለያዎቹ በአንዱ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ዕድሜው 7 ወይም 8 የሚሆን ልጅ አገኘሁ። መቅረጸ ድምፁን አፉ ሥር ደቀንኩበትና «ምን አየህ? እስቲ ንገረኝ» አልኩት። በአማርኛ! የአባቴን ቋንቋ እያወቅሁ፣ ጌዴኡፋ እየተናገረ ላደገ ልጅ የመከራውን ነገር በትምህርት ቤት ቋንቋ ጠየቅሁት። ልጁ አየኝ። ዙሪያችንን ሰው ከቦናል። «ተናገር እንጂ፣ ይረዱሃል» አለ አንዱ። ደግሜ ጠየቅሁ። ልጁ ቁምጣው ውስጥ ሸና። ሽንቱ በእግሩ ሲወርድ ሳቅ ተሰማ። ልጁ ሮጦ ከሴቶች መሐል ገባ። እኔም መሣሪያዬን አጠፋሁ።

ያን ማታ ዲላ ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ የልጆች አባት ነው፤ በቡና ሥራ ይተዳደራል። ሲሰማኝ ቆየና «አንተ አንድ አልጋ ላይ ሦስት ዓመት አብረኸኝ ስትተኛ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለኝ። ደነገጥኩ። ወቀሳ መሰለኝ። «ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቤት እጠፋ ነበር» አለኝ ቀጠለና።

ታዲያ ልጅ እንዴት ይናገራል? ዝም ብንለው ዝም ይላል። ብንጠይቀው ይሸሻል። መንገዱ የት ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ሳነብና ሳጠያይቅ ቆይቻለሁ። ጥያቄው የኛ ብቻ እንዳልነበረም ተረድቻለሁ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 መጀመሪያ፣ እንግሊዞች ከትልልቅ ከተሞቻቸው 1.5 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ገጠር አወጡ፤ አብዛኛው ልጅ ነው። ከቦምብ ማትረፍ ነው ዓላማው። ከቪየና በስደት የመጣችው አና ፍሮይድ (የታወቀው የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ ናት) ከጓደኛዋ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር እ.ኤ.አ. በ1941 ሎንዶን ውስጥ የጦርነት ልጆችን መዋያና ማደሪያ ከፈተች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹን ቀን ከሌት እያዩ ይጽፉ ነበር። ያዩትም ብዙ ሰው ያልጠበቀውን ነው። ከእናቱ ጋር ሆኖ ቦምብ ከላዩ ሲዘንብ ያደረ ሕፃን፣ ከቦምብ ተርፎ ከእናቱ ከተለየው ሕፃን ይልቅ ደህና ሆኖ ተገኘ። ለትንሽ ልጅ የዓለም መፍረስ ማለት የእናቱ መታጣት ነው ማለት ነው።

ከልጆቹ አንዱ የ4 ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱ ሞቷል። ልጁ ግን የአባቱን መሞት አይቀበልም። በየቀኑ የወረቀት ቤት ይሠራል፣ በብይ ይደበድበዋል፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ ሰዎቹ ግን ሁሉም ይድናሉ፣ ቤቱም እንደገና ይቆማል። ደግሞ ይፈርሳል፣ ደግሞ ይቆማል። ማንም «ይህን ጨዋታ ተው» አላለውም፤ «አባትህ እኮ ሞቷል» ብሎ ያፋጠጠውም የለም። ከወራት በኋላ አንድ ቀን በራሱ አፍ አባቱ መሞቱንና እንደማይመለስ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ያ የማያባራ ጨዋታ ቆመ። ይህን ሳነብ የአጎቴ ልጅ ጫማ ታወሰኝ። ጫማው የሱ የወረቀት ቤት ነበር።

በዚያው ጦርነት ጊዜ፣ በቼክ ምድር ቴሬዚን በተባለው የናዚዎች ማጎሪያ፣ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የተባለች ሠዓሊ ከአይሁድ ልጆች ጋር በድብቅ ሥዕል ታስተምር ነበር። ልጆቹ የሚበሉት ሳይኖራቸው ቤት፣ አበባ፣ የተሰናዳ ማዕድ ይሥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች። ከመሄዷ በፊት ግን 4,500 ያህል ሥዕሎችን በሁለት ሻንጣ ሞልታ ደብቃ ነበር፤ ሥዕሎቹ ዛሬ ፕራግ ውስጥ በሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። ከሣሉት ልጆች አብዛኞቹ አልተረፉም። አፍ ያልተናገረውን እጅ ተናግሮ አለፈ።

ይሁን እንጂ ሳይንስም እንደኛው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «አደጋ ያየ ሰው ወዲያው ተሰብስቦ ያየውን ሁሉ ይናገር፣ ይወጣለታል» የሚል ዘዴ ተነሳ፤ በዓለምም ተሰራጨ። ኋላ በጥናት ሲፈተሽ የአንድ ቀን ማናገር ብቻውን ሰውን ከጭንቀት ሕመም እንደማያድን፣ አንዳንዱንም እንደሚያብስ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ሰውየው ደህንነት እንዲሰማው አድርግ፣ የቸገረውን ጠይቅ፣ ከወገኖቹ አገናኘው፣ ሊናገር ከፈለገ ስማው፣ እንዲናገር ግን አታስገድደው ይላል። እኔ በመቅረጸ ድምፅ የሠራሁት የዚህን ግልባጭ ነው።

ለልጆች የተለየ የጨዋታ ሥፍራ ማዘጋጀትም የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የኮሶቮ ስደተኞች አልባኒያ ሲገቡ ዩኒሴፍ በመጠለያዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከፈተ፤ ልማዱም በየአገሩ ተዛመተ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ጌዴኦ ውስጥም በድንኳንና በቆርቆሮ ዳስ ተከፍቶ ነበር። አንዱን አይቼዋለሁ። በጎ ፈቃደኛዋ የአካባቢው ልጅ ናት፤ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች። ልጆቹን አታናግርም። በገመድ ታዘልላቸዋለች፣ ጭቃ ታስቦካቸዋለች፣ ልክ በሰዓቷ ትመጣለች፣ ስትሄድም «ነገ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ» ብላ ትሄዳለች። በማግስቱም ትመጣለች። ከልጆቹ አንዲቱ በጭቃ ጎጆ ሠርታ በውስጡ ቡቃያ ሣር ተከለች። «ይቺ ላማችን ናት፤ ቤት ውስጥ ቀርታለች» አለች። ማንም አልጠየቃትም ነበር። በጎ ፈቃደኛዋ «ስሟ ማን ነበር?» ብቻ አለቻት። ልጅቷ የላሟን ስም ተናገረች። ከዚያ ስለ ላሟ፣ ከላሟ ስለ ቤቱ፣ ከቤቱ ስለ ሌሊቱ እያለች ሄደች።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በደርግ ዘመን በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ልጆች ይሰበሰቡበት ዘንድ፣ ወደ ዲላ በሚወስደው በዚሁ የስምጥ ሸለቆ መንገድ ገባ ብሎ፣ አላጌ ላይ የሕፃናት አምባ ተቋቁሞ ነበር። በልተው ለብሰው ተምረው ያደጉበት ልጆች ዛሬም እንደ ወንድምና እኅት ይፈላለጋሉ። በ1977ቱ ረሃብ ዘመንም ወላጅ አልባ ልጆች በየማሳደጊያው ተሰብስበዋል። እነዚያ ልጆች የበሉት ዱቄትና የለበሱት ልብስ ተመዝግቦ ይሆናል። ማታ መብራት ሲጠፋ ምን ይሰማቸው እንደነበር የመዘገበ ሰነድ ግን እስካሁን እጄ አልገባም።

እርግጥ ነው፣ አገራችን በባለሙያ ድሃ ናት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሕጉ ግን ቀድሞ መጥቷል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው በ12ኛ አንቀጹ ይናገራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 36ኛ አንቀጽም ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከድብደባ ነፃ እንዲሆን ደንግጓል። ፍራሽ ላይ የሸናን ልጅ ፍራሹን አሸክመን ግቢ ለግቢ ስናዞር ግን ይህ ሁሉ አንቀጽ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መርዶ ነው። ለትልቅ ሰው መርዶ ስንነግር ሥርዓት አለን፤ ሰው እንመርጣለን፣ ማለዳ እንገሰግሳለን፣ ዘመድ እናስከትላለን፣ አብረን እናለቅሳለን። ለልጅ ግን እንዋሻለን። «ሄዷል፣ ይመጣል» እንላለን። ልጁ ለቅሶ ቤቱን ጎረቤት ሆኖ ይሰማል። ልጅ የሚጠብቀው አባት አለውና ማልቀስ አይችልም፤ አባቱ አይመጣምና መጠበቁም አያልቅም።

በጌዴኦና በጉጂ ደም ከተፋሰሱ በኋላ ጎንዶሮ የሚባል ታላቅ የእርቅ ሥርዓት አለ። የሁለቱም ወገን አባቶች ይቀመጣሉ፤ በደሉ ይነገራል፤ መሥዋዕት ይታረዳል፤ ደሙ እንዳይመለስ ይማማላሉ። ትልቅ ጥበብ ነው። ከ2010ሩ እልቂት በኋላም የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ለእርቅ ደክመዋል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ተፈናቃዩ ወደ ቀየው ሲመለስ ቡናውን ዳግመኛ አብረው እንዲለቅሙ ነው ድካሙ። ታዲያ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያ ቁምጣው ውስጥ የሸናው ልጅ በየትኛው ሸንጎ ይናገር? ከወዲያ ማዶ ያለው የጉጂ ልጅስ? ሁለቱም አሁን ለአቅመ አዳም ደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ የታረቁትን ጠብ እነሱ በሆዳቸው ይዘውት አድገው እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው አለ?

ስለ አጎቴ ልጅ የጀመርኩትን ልጨርስ። ያን ልጅ ያናገረው አስተማሪ ወይም ሐኪም አልነበረም። አያታችን ነበረች። ከቤታችን ጓሮ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። «ያዝልኝ» ትለዋለች፣ «አቀብለኝ» ትለዋለች፣ ሌላ ነገር አትለውም። ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ሁለቱም ዓይናቸው እንሰቱ ላይ ነው። ቀናት እንዲህ አለፉ። እኔ አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስጫወት የአጎቴ ልጅ ቀና ሳይል «አባባ አይመጣም አይደል?» አላት።

አያቴ እጇን ከሥራው አቆመች። ቤት ያለው ትልቅ ሰው ሁሉ «ይመጣል» እንድትል አስጠንቅቋት ነበር። «አይመጣም ልጄ፤ ሞቷል» አለችው በገዛ ቋንቋችን። ከዚያ እሷ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አይቶ እሱም አለቀሰ። ብዙ ሰዓት አለቀሱ። እናቴ ከቤት ሮጣ ወጥታ «ምን አደረግሽው!» ብላ ጮኸች።

ጫማውን አውልቆ የተኛው በዚያው ሌሊት ነው ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምር ነበር። እንዲያ አልሆነም። ብዙ ሌሊት ጫማውን እንዳደረገ ተኝቷል። ግን ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆኖ ስለ አባቱ ያወራኝ ጀመር፤ አባቱ ስለነበሩት በሬ፣ ስለሚያፏጨው ፉጨት። እኔም ሳልጠይቀው እሰማው ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ልጅ ቤትዎ ካለ፣ በተለይም ከክፉ ቀን ያመለጠ ልጅ ካለ፣ «ምን ሆነሃል?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት አንድ ሥራ ያሠሩት። ጥራጥሬ ያስለቅሙት፣ ቡና ያስወቅጡት፣ ውኃ ያስቀዱት። አጠገቡ ይቀመጡ። በማግስቱም ይቀመጡ። የጠየቀዎት ቀን ግን እውነቱን ይንገሩት፤ አብረውትም ያልቅሱ።

ያን ቁምጣ ለባሽ ልጅ ኋላ ተመልሼ ፈልጌው አላገኘሁትም። ቤተሰቡ ከተመላሾቹ ጋር ሄዷል አሉኝ። አሁን 15 ወይም 16 ዓመት ይሆነዋል። አጠገቡ ቁጭ የሚል ሰው አግኝቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።